ባርኔጣ ማድረግ ያቃታቸው ሽማግሌ

የሽማግሌው ችግር ባርኔጣ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ከጆሯቸው ፊት ተነስቶ ወደ ራሳቸው የሚወጣ ቀይ መስመር በግራም በቀኝም ብቅ ብሎባቸዋል። መስመሩ አብጧል፣ ሲነካ ያማል። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ሳይሸፍን መንገድ መውጣቱ ያስተዛዝባል። እኚህ ሰው ግን ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ባረፈ ቁጥር ሕመሙ ስለማያስቀምጣቸው ማድረጉን ትተዋል።

የመረመራቸው ጆናታን ሃቺንሰን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበር። ሃቺንሰን ነገር በማስተዋል የሚታወቅ ሰው ነው። ከእናት በሚተላለፍ ቂጥኝ የተወለዱ ልጆች የፊት ጥርሳቸው ጫፉ እንደሚቦረቦር ያየው እሱ ነው፤ ጥርሱም እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። (ይኸው ሰው የሥጋ ደዌ የሚመጣው የተበላሸ ዓሣ ከመብላት ነው ብሎ እስኪሞት ድረስ ተከራክሯል። የሚያይ ዐይኑና የሚተነትን አእምሮው ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም ነበር።) የሽማግሌውን ቀይ መስመሮች በጣቱ ሲዳስስ ምን እንደሆኑ ገባው። ቆዳ ላይ የወጣ ሽፍታ አይደሉም፤ በጆሮ ግንድ ላይ የሚያልፉት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ትርታቸው ደክሞ ይሰማ ነበር። ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። መቅላቱም ለቀቀ፤ በቦታው የቀረው ደም የማያልፍበት፣ እንደ ሲባጎ የደረቀ ሥር ብቻ ነበር። ሰውየው ከዚያ በኋላም ለዓመታት ኖሩ።

ሃቺንሰን ይህን በ1890 አሳተመው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) መጽሔቱን የሚያዘጋጀውም፣ አብዛኛውን ገጽ የሚጽፈውም ራሱ ነበር። የአረጋውያን ደም ቅዳ ቧንቧ ሊቆጣና ሊደፈን እንደሚችል፣ ይህም ከተለመደው የእርጅና ድርቀት የተለየ ነገር እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ጉዳዩ ተረሳ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የዚህ ሕመም ታሪክ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ አንዱ ያየዋል፣ ሌላው ይረሳዋል። በመካከል የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ የሰው ዐይን ነው።

*

ጆሮ ግንድ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጥፊ ነው። በአማርኛው መጽሐፈ መሳፍንት ያዔል የድንኳን ካስማ ይዛ ሲሣራን የገደለችው በዚሁ ቦታ ነው፤ ጦረኛን በአንድ ምት ለመግደል ቦታው የተመረጠው በከንቱ አይደለም። በዐይን ዳርና በጆሮ መካከል ያለው አጥንት ከራስ ቅል ክፍሎች ሁሉ ስስ ከሚባሉት ነው፤ ከስሩም ሲቀደድ በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚገድል የደም ሥር ያልፋል። በዚህ ቦታ ተመትቶ ካበጠ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ወይም የሚያስመልሰው ሰው “ተዉት ይተኛ” የሚባል አይደለም።

ምት ሳይኖር የሚመጣው ሕመም ደግሞ ምንጩ ብዙ ነው። ማይግሬን ጆሮ ግንድን ይመታል። ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ የሚያድር ሰው ጠዋት የሚያመው እዚሁ ነው፤ መንጋጋን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ጡንቻ የተዘረጋው በጆሮ ግንድ ላይ ነውና። የበሰበሰ ጥርስ መግል ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። አልማዝ ባለጭራ ውኃ ከመቋጠሩ ቀናት ቀደም ብሎ በአንድ ወገን ያቃጥላል። በልጆች ላይ ከጆሮ በታች ጀምሮ የሚያብጠው ጆሮ ደግፍ አለ። እነዚህ ሁሉ ከሃቺንሰን ሽማግሌ ሕመም እጅግ በበለጠ የተለመዱ ናቸው። ችግሩም ከዚሁ ይነሳል፤ መቶ ጊዜ ቀላል የሆነ ነገር በመቶ አንደኛው ጊዜ ቀላል አለመሆኑን ማን ያስተውላል?

*

ከሃቺንሰን ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ባግዳድ ውስጥ ዓሊ ኢብን ዒሳ የሚባል የዐይን ሐኪም ነበር። ለሙያ ባልደረቦቹ የጻፈው መመሪያ በዐረቡ ዓለም ብቻ ሳይሆን ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓም ለዘመናት ሲያገለግል ኖሯል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በጆሮ ግንድ ላይ ያሉትን ሥሮች ስለ መቁረጥና በጋለ ብረት ስለ መተኮስ የሚናገር ክፍል አለ። ሕክምናው ለማን እንደሚሆን ሲዘረዝር ራስ ምታትን፣ የቆየ የዐይን ሕመምን፣ የጆሮ ግንድ ጡንቻ መጋልና መቆጣትን ይጠቅሳል። ነገሩ በመጨረሻ ማየትን ሊያሳጣ እንደሚችልም ያክላል። የዛሬ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች የዚህ በሽታ የመጀመሪያው የጽሑፍ ምስክር አድርገው የሚቆጥሩት ይህን ነው። ዓሊ ቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ሦስቱን ነገሮች ግን ማለትም ራስ ምታቱን፣ የጆሮ ግንዱን መቆጣትና መታወርን በአንድ ገመድ አስሯቸዋል። ይህን ደግመው ለማሰር ዘመናዊዎቹ ሐኪሞች እስከ 1938 ድረስ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

በጆሮ ግንድ ላይ ብረት ያሳረፈ ዓሊ ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን አካባቢ በኮርዶባ የነበረው አል ዛህራዊ ለማይግሬን ከጋለ ብረት ሌላ ያቀረበው አማራጭ ጆሮ ግንድን በጥቂቱ ሰንጥቆ ከቆዳው ሥር ነጭ ሽንኩርት መክተት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ራስ ምታት ያሰቃየውን አንድ መስፍን የጆሮ ግንዱን ሥር በጥቶ ደም በማፍሰስ እንዳከመው ጽፏል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ወሬ አይሆንም። በትግራይና በሌሎች የሰሜን አካባቢዎች በቅንድባቸው ዳር ወይም በጆሮ ግንዳቸው ላይ ቀጫጭን የብጣት ጠባሳ ያለባቸው አዛውንት ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተበጡት “ለዐይን” ተብሎ ነው። ለራስ ምታት ዋግምት በቀንድ ይተከላል፤ ክፉ ደም ይወጣል ተብሎ ይታመናል። ከባግዳድ እስከ ኮርዶባ፣ ከፓሪስ እስከ አድዋ፣ የጆሮ ግንድ ሥርና ዐይን ይገናኛሉ የሚለው ሐሳብ አንዱ ከሌላው ይውሰደው ወይም እያንዳንዱ በራሱ ይድረስበት፣ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። መድኃኒቱ ግን ስህተት ነበር። ሥሩን መቁረጥ ሕመሙን ለጊዜው ሊያቀልል ይችላል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለምርመራ ተብሎ የሥሩ ቁራጭ የተወሰደላቸው አንዳንድ ሕሙማንም ሕመሙ ቀለል እንዳለላቸው ሐኪሞቻቸው መዝግበዋል። ዐይንን ግን አያድንም። እንዲያውም ሕመሙ ሲታገስ ሰውየው ዳንሁ ብሎ ይዘናጋል።

*

ቤልጂየም፣ ብሩዥ ከተማ በሚገኘው የግሩኒንገ ሙዚየም በ1436 የተጠናቀቀ የያን ቫን አይክ ሥዕል ተሰቅሏል። ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። በቀኟና በግራዋ ቅዱሳን ቆመዋል። ነጭ ልብስ ለብሰው የተንበረከኩት ወፍራም ሽማግሌ ሥዕሉን ያዘዙትና የከፈሉበት የቅዱስ ዶናቲያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ዮሪስ ቫን ደር ፓለ ናቸው። በእጃቸው መነጽር ይዘዋል። ቫን አይክ ለከፋይ ብሎ ፊት የሚያሳምር ሠዓሊ አልነበረም። የቆዳቸውን መጨማደድ፣ የአገጫቸውን መንጠልጠል፣ በግራ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያበጡትንና የተጠማዘዙትን ሥሮች አንድ በአንድ ሥሎታል።

በ1981 ቤልጂየማዊው የሩማቲዝም ሐኪም ያን ደኬከር ይህን ፊት እንደ በሽተኛ ፊት አነበበው። የቤተ ክርስቲያኑ መዛግብት ሽማግሌው ሕመም ስለነበረባቸው ከማለዳ ጸሎት ይቀሩ እንደነበር ይመሰክራሉ። ያበጠ የጆሮ ግንድ ሥርና ማለዳ ላይ አልነሳ የሚል አካል አንድ ላይ ሲታዩ ደኬከር የደረሰበት መደምደሚያ ከሃቺንሰን ሽማግሌ ጋር አንድ በሽታ ነው የሚል ነበር።

ግምቱ ያምራል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። በብዙ አረጋውያን ጆሮ ግንድ ላይ ምንም በሽታ ሳይኖር የተጠማዘዘ ሥር ይታያል። ቫን ደር ፓለ ያረፉት በ1443 ነው፤ ሥዕሉ ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ። ሥዕል ላይ የሚታይ ሥር ይመታ አይመታ፣ ሲነካ ይመም አይመም መጠየቅ አይቻልም። ሆኖም ደኬከር በሥዕሉ የሠራው ነገር ሐኪም በሕያው ሰው ላይ ሊሠራው የሚገባ ነው። ብዙዎች አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ልብሱንና ምንጣፉን ሲያደንቁ እሱ ጆሮ ግንዱን ተመለከተ።

*

በ1932 ሚኒሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ባያርድ ሆርተን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሁለት ሕሙማንን ታሪክ አቀረበ። ትኩሳት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መክሳት፣ የደም ማነስ፣ በራስ ቆዳ ላይ ሲነካ የሚያም ቦታ፣ ያበጠ የጆሮ ግንድ ሥር። የእነሱ አዲስ ነገር ሃቺንሰን ያላደረገውን ማድረጋቸው ነው፤ ከሥሩ ቁራጭ ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩት። የቧንቧው ግድግዳ በብግነት ሴሎች ተሞልቷል፣ መተላለፊያው ጠቧል። የጽሑፋቸው ርእስ በሽታው ከዚያ ቀደም ያልተገለጸ እንደሆነ ይናገራል። ስለ ለንደኑ ሽማግሌ ባርኔጣ የሰሙ አይመስልም።

ሆርተንና ጓደኞቹ ሁለተኛ ስህተት ሠሩ፤ ይኸኛው የበለጠ ያስከፍላል። በሽታው ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የሚለቅ፣ ለክፉ የማይሰጥ ነው ብለው አሰቡ። የእነሱ ሕሙማን ከወራት በኋላ ተሽሏቸዋልና እንዲህ ማለታቸው አያስገርምም። በ1938 ግን ጄኒንግስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚሁ በሽታ የታወረ ሰው መኖሩን ጽፎ አሳተመ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹም ዐይናቸውን ገለጡ፤ አንድ ሁለት እያለ የዓይነ ስውራኑ ቁጥር ተጠራቀመ። በ1941 ጊልሞር የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምሮ ብግነቱ በጆሮ ግንድ ላይ እንደማይወሰን፣ ከልብ የሚነሳውን ትልቁን ደም ቅዳ ሳይቀር እንደሚይዝ አሳየ። በግድግዳው ውስጥ ከሚታዩት ግዙፍ ሴሎች ተነስቶም ዛሬ በሽታው የሚጠራበትን የግዙፍ ሴል የደም ቅዳ ብግነት የሚለውን ስም ሰጠው። “የጆሮ ግንድ በሽታ” የሚለው የቀድሞ ስም አሳሳች ነበር። ጆሮ ግንድ በሽታው ብቅ ብሎ የሚታይበት መስኮት ነው፤ ቤቱ ግን ሰፊ ነው።

ዐይን እንዴት ይጠፋል? በጆሮ ግንድ የሚያልፈው ሥር ቢደፈን በራሱ ብዙ ጉዳት አያደርስም፤ ለራስ ቆዳ ደም የሚያመጡ ሌሎች ሥሮች አሉ። የዐይን ነርቭ ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም። ነርቩ ከዐይን ኳስ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ የሚመግቡት እንደ ክር የቀጠኑ ደም ቅዳዎች ናቸው። በእነሱ ግድግዳ ላይ ብግነቱ ሲነሳ የውስጠኛው ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይዘጋል፣ ነርቩ ደም አጥቶ ይሞታል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ሕመም አይኖረውም፤ ሰውየው ጠዋት ሲነሳ አንድ ዐይኑ ጠፍቷል። አንዳንዱ አስቀድሞ ለደቂቃዎች መጋረጃ እንደወረደበት ሆኖ ይታየውና ይመለስለታል፤ ሌላው ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ሕክምና ካልተጀመረ ሁለተኛው ዐይን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

*

መድኃኒቱ የተገኘው ከሆርተን ክፍል ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። በዚያው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የሚባል የሩማቲዝም ሐኪም ከ1929 ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነው ኖሯል። መገጣጠሚያቸው ያበጠ ሕሙማን በወፍ በሽታ ዐይናቸው ቢጫ ሲሆን የመገጣጠሚያቸው ሕመም ይጠፋል። በእርግዝና ጊዜም እንዲሁ። ስለዚህ አካል ራሱ የሚሠራው አንድ ንጥረ ነገር መኖር አለበት አለ። የሥራ ባልደረባው ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ ካወጣቸው ቅመሞች አንዱን “ኢ” ብሎት ነበር። ቅመሙን በበቂ መጠን መሥራት ግን ቀላል አልነበረም፤ ከበሬ ሐሞት ተነስቶ በብዙ አድካሚ እርምጃ የሚደረስበት ነበር። በመስከረም 1948 ለመጀመሪያ ጊዜ በሩማቲዝም ለምትሰቃይ አንዲት ወጣት ሴት ተወጋ። ከአልጋ መውረድ ያቃታት ሴት በቀናት ውስጥ ተነስታ ገበያ ወጣች። ቅመሙ ኮርቲዞን ተባለ፤ ሄንች፣ ኬንዳልና ስዊዘርላንዳዊው ታዴዎሽ ራይሽታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት።

በዚያው በ1950 የማዮ ሐኪሞች ኮርቲዞንን ለጆሮ ግንዱ በሽታም ሰጡ። ራስ ምታቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለቀቀ። በ1957 በባዮፕሲ የተረጋገጠ በሽታ የነበረባቸውን የ55 ሕሙማን ውጤት አሳተሙ፤ በጊዜ ከተጀመረ ዐይንን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነበር። ለአንዱ እውነተኛውን፣ ለሌላው ባዶውን ክኒን ሰጥቶ የማወዳደር ጥናት ለዚህ መድኃኒት አልተደረገም። ማን ደፍሮ ባዶውን ይሰጣል?

ከዚያ ወዲህ ያለው አሠራር በመሠረቱ አልተቀየረም። በሽታው ከተጠረጠረ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ የዐይን ምልክት ካለ ደግሞ ከዚያ የበረታው በደም ሥር ይሰጣል። ዋናው ነገር ማረጋገጫ ተብሎ አለመጠበቁ ነው። መድኃኒቱ ቢጀመርም ብግነቱ ከሥሩ ግድግዳ ላይ ወዲያው አይጠፋም፤ ባዮፕሲው በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ሊደረግ ይችላል። ባዮፕሲውም ቢሆን እንከን አለው። ብግነቱ እንደ ተዘለለ ስፌት ነው፤ እዚህ አለ፣ ትንሽ አለፍ ሲል የለም፣ ከዚያ ደግሞ አለ። ሐኪሙ የቆረጠው ጤነኛውን ክፍል ከሆነ ወረቀቱ “በሽታ የለም” ይላል፤ በሽተኛው ግን በሽተኛ ነው።

ፕሬድኒሶሎን ከጥንቶቹና ከርካሾቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የማያውቅ ፋርማሲ የለም፤ ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚውጡት ሰዎች መኖራቸውም የአደባባይ ምስጢር ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው እናቱን ጆሮ ግንዷን ባመማት ቁጥር ከጎረቤት ፋርማሲ ገዝቶ ይስጣት ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ስኳር ይጨምራል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተኝቶ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ ይቀሰቅሳል። የመጨረሻው ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በዚህ ላይ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በድንገት ማቋረጥም ራሱ አደጋ አለው።

ሃብታሞቹ አገሮች ከዚህ ለማምለጥ ሞክረዋል። በ1997 በርሊን ውስጥ ቮልፍጋንግ ሽሚት የሚመራው ቡድን ሳይቆርጡ በአልትራሳውንድ ብቻ ማየት እንደሚቻል አሳየ፤ ያበጠው የቧንቧ ግድግዳ በደሙ ዙሪያ እንደ ጨረቃ ቀለበት ጠቁሮ ይታያል። በ2017 ደግሞ ቶሲሊዙማብ የሚባል መርፌ በ251 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ውጤቱ ታወቀ። መርፌውን በየሳምንቱ ከወሰዱት 56 በመቶው፣ በየሁለት ሳምንቱ ከወሰዱት 53 በመቶው በዓመቱ መጨረሻ በሽታው ሳይመለስባቸው ፕሬድኒሶሎን አቁመዋል፤ ፕሬድኒሶሎን ብቻ የተሰጣቸው ሁለት ቡድኖች ውጤት 14 እና 18 በመቶ ነበር። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን የመርፌው ዋጋ ለድሃ አገር በሽተኛ ጨረቃ ነው፤ ደግሞም ዐይንን ለማዳን የመጀመሪያው ቀን መድኃኒት ዛሬም ያው የ1950ዎቹ ክኒን ነው።

*

መማሪያ መጻሕፍት ስለዚህ በሽታ ሲናገሩ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በሽታ ነው ይላሉ። በእርግጥም ቁጥሩ የሚበዛው በስካንዲኔቪያ ነው፤ ሚኒሶታም የእነዚያው ስደተኞች ልጆች የሰፈሩባት በመሆኗ ሆርተን ሕሙማኑን እዚያ ማግኘቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በታች ያለን ሰው አይዝም ማለት ይቻላል፤ የሚበዛው ከሰባ በኋላ ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ያጠቃል። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ግን ብርቅ ነው ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ተጽፏል፣ ተምረዋል፣ አስተምረዋል።

በ2019 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት የባዮፕሲ መዝገባቸውን ከፍተው ጥቁሮችንና ነጮችን አወዳደሩ። በበሽታው በተያዙት መጠን መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኙም። አንድ ሆስፒታል የዓለምን መልክ አይቀይርም። ነገር ግን “በእነሱ ላይ አይገኝም” የሚለው ትምህርት ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ደግሞ ባለመፈለግ የመጣ እንደሆነ ለመጠየቅ ይበቃል። የማይጠረጠር በሽታ ባዮፕሲ አይታዘዝለትም፤ ባዮፕሲ ያልታዘዘለት በሽታ መዝገብ ላይ አይወጣም፤ መዝገብ ላይ የሌለ በሽታ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለተማሪው “እዚህ የለም” ተብሎ ይነገረዋል።

በኢትዮጵያ ድንገት ዐይናቸው የጠፋባቸው አዛውንት የሚሰሙት ቃል የታወቀ ነው። ሞራ ነው፣ ግላኮማ ነው፣ ምች ነው፣ ዕድሜ ነው። ሞራና ግላኮማ በእርግጥ ብዙዎችን ያሳወሩ በሽታዎች ናቸው። “ዕድሜ ነው” ግን የበሽታ ስም አይደለም፤ ጥያቄ መዝጊያ ነው። ከልጆቻቸው ጋር ሊኖሩ ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የሄዱት እናቶችም ቢሆኑ አያመልጡም። ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ክሊኒክ ይገባል፤ እናት ስለ ራሷ ቆዳ፣ ስለ መንጋጋዋ፣ ስለ ትከሻዋ ረጅም ታሪክ ታወራለች፤ ልጅ አሳጥሮ “ራሷን ያማታል” ይላል። በሽታው የሚገኘው ተቆርጦ በቀረው ወሬ ውስጥ ነው።

ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም፤ መሣሪያም አይፈልጉም። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ሴት ከዚህ ቀደም የማታውቀው ራስ ምታት ጀምሯታል? ሻሽ ስታስር ወይም ሹሩባ ስትሠራ የራሷ ቆዳ ያማታል? በአንድ ጎኗ ትራስ ላይ መተኛት አቅቷታል? ሥጋ ወይም ቆሎ ስታኝክ መንጋጋዋ ዝሎ፣ ታምሞ፣ ስታቆም ይተዋታል? (ይኸኛው ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ምልክት ነው፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደህና ጥርስ እስከ ማስነቀል የሚደርስም አለ።) ማለዳ ትከሻና ዳሌዋ ተሳስሮ እጇን ማንሳት ያቅታታል? ዐይኗ ላይ መጋረጃ ወርዶ ተመልሶላታል? ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሁለት ጣቱን ጆሮ ግንዷ ላይ ያሳርፋል። ሥሩ ወፍሯል? ያማታል? ይመታል? በየጤና ጣቢያው ሊሠራ የሚችለው ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ50 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሳንባ ነቀርሳ እስከ ካንሰር ያለ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው ብቻውን አይፈርድም፤ ከላይ ከተጠየቁት ጋር ሲደመር ግን ያንኑ ቀን ወደ ዐይን ሐኪም ወይም ወደ ውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለመላክ ይበቃል። ከዐይን ምልክት ጋር ከሆነ ደግሞ ለነገ የሚባል ቀጠሮ የለም።

የለንደኑ ሽማግሌ ዐይናቸው ስለ መጥፋቱ ሃቺንሰን የጻፈው ነገር የለም። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያሉት ሥሮች ተደፍነው፣ ትርታቸው ቆሞ፣ ሕመሙ ተወላቸው። መድኃኒት የተባለ ነገር ባልነበረበት ዘመን በዕድል አለፉት።